ጎማዬን የበላው ጉድጓድ የማን ነው? የስቴት ወይስ የካውንቲ (ከስቴቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር)? የመንገድ ብር ክፍፍል የገባው ሰው ይምጣ

ባለካምሪ
ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሁለት ተሳፋሪ ጭኜ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁላችሁ፣ የፊት የቀኝ ጎማ ወዲያው ጧ አለ ቸርኬውም ጠርዙ ታጠፈ። ተሳፋሪዎቹ ሌላ መኪና ጠርተው ሄዱ፣ እኔ ዝናብ ላይ በስልክ መብራት ክሪክ ስፈልግ ቀረሁ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ አላይመንት፣ በጠቅላላ 340 ዶላር። የቱ መንገድ እንደሆነ አልናገርም፣ ስም ማጥፋት አልፈልግም። የገረመኝ ግን ሰኞ ስደውል ነው። አንደኛው ቢሮ "የኛ አይደለም የስቴት ነው" አለ፣ ወደዛኛው ስደውል "ከመብራቱ ወዲህ ያለው እኛን አይመለከትም የካውንቲ ነው" አለ። ማንም አልፈልግህም እንዳለው ልጅ መሃል ላይ ቀርቷል ጉድጓዱ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፣ መንገዱ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል፣ ደሞ ጋዝ (ቤንዚን) በቀዳን ቁጥር ከጋሎኑ ላይ የሚቆርጡን ብር ማን ኪስ ነው የሚገባው? እኔ በሳምንት አምስት ጊዜ እቀዳለሁ ስለዚህ ይመለከተኛል። ምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ሻይ_በጦስኝ
ውይ ወንድሜ፣ ሰው መትረፉ ነው ዋናው። እኔም አምና እንዲሁ ሆኜ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልሱ የመጣው ከስንት ወር በኋላ ነው እሱም "አይመለከተንም" የሚል። ፖስታውን ለማስታወሻ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ ሃሃ

የመንገድ_ሰው
እስቲ እኔ ልሞክር፣ የምሠራው እዚሁ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አንድ የአካባቢ መስተዳድር የመንገድ ክፍል ውስጥ ነው፣ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። መንገዱ ቁጥር ካለው ባብዛኛው የስቴት ነው። ጆርጂያ አቬኑ ሜሪላንድ 97 ነው፣ ኮልስቪል ሮድ ዩኤስ 29፣ ኒው ሃምፕሻየር 650፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ 193፣ እነዚህን የሚጠግነው ስቴቱ ነው። ፌንተን ስትሪት ግን ቁጥር የለውም፣ የካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን ሁላችንም ከተማ እንለዋለን እንጂ በሕግ ከተማ አይደለም፣ ከንቲባ የለው ማዘጋጃ የለው፣ ስለዚህ ስቴት ያልያዘው መንገድ ባብዛኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ትንሽ ነድተህ ታኮማ ፓርክ ስትገባ ደሞ እሱ ራሱን የቻለ ከተማ ነው፣ የሠፈሩን መንገድ ራሱ ነው የሚደፍነው። አሥር ደቂቃ በማይሞላ ትሪፕ ሦስት መንግሥት ታቋርጣለህ። አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ያለው ደሞ የማንም አይደለም የባለንብረቱ ነው፣ እዛ ለ311፣ ለካውንቲው የአቤቱታ ስልክ፣ ብትደውል ጊዜህን ነው ምታቃጥለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ረጅም ስለሆነ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሜሪላንድ ከ1971 ጀምሮ አንድ ትልቅ ቋት አላት፣ የትራንስፖርት ትረስት ፈንድ ይባላል። የጋዝ ታክሱ፣ መኪና ስትገዙ ታይትል ላይ የምትከፍሉት (6 ፐርሰንት ነበር በ2025 6.5 አረጉት)፣ የሬጅስትሬሽን ክፍያ፣ ከኩባንያዎች ታክስ ላይ የተወሰነ፣ ከሚከራይ መኪና የሚሰበሰበው፣ ይሄ ሁሉ እዛ ቋት ይገባል። ከዛ ውስጥ የተወሰነው "የመንገድ ተጠቃሚ ገቢ" ተብሎ ይለይና ስቴቱ ከካውንቲና ከከተሞች ጋር ይካፈለዋል። ድሮ ክፍፍሉ ሰባ ሠላሳ ነበር፣ 70 ፐርሰንት ለስቴት 30 ለአካባቢ። በሜሪላንድ የመንገድ ማይል ብትቆጥሩት ከአምስቱ አራት እጁ የካውንቲና የከተማ ነው፣ መኪናው ግን በብዛት የሚርመሰመሰው የስቴቱ መንገድ ላይ ስለሆነ ሠላሳውን ማንም ብዙ አያማርርበትም ነበር።

ከዛ 2009 መጣ። ኢኮኖሚው ወደቀ፣ አናፖሊስ (የሜሪላንድ መንግሥት መቀመጫ) ባጀቱ ጎደለ፣ የት እንቁረጥ ሲሉ የአካባቢዎቹን ድርሻ አገኙ። ቆረጡት ስል ትንሽ ቀነሱት ማለቴ አይደለም፣ አረዱት። ኋላ ረግቶ የቀረው ክፍፍል እንዲህ ነበር፦ ስቴት 90.4፣ ባልቲሞር ከተማ 7.7፣ 23ቱ ካውንቲዎች አንድ ላይ 1.5፣ ሌሎቹ ከተሞች በሙሉ አንድ ላይ 0.4። ዜሮ ነጥብ አራት። አንዲት ትንሽ ከተማ ከዚህ የሚደርሳት ብር አንድ ጎዳና አስፋልት አያለብስም ነበር። በዛ ዓመት መደፈን የነበረበት ስንጥቅ ሳይደፈን ቀረ፣ ውሃ ገባበት፣ ክረምት በረዶ ሆኖ አበጠ፣ ፀደይ ላይ ጉድጓድ ሆነ፣ ጉድጓዱ ሰፍቶ ከሥር ያለውን ጠጠር በላ። ስንጥቅ ማሸግ ርካሽ ነው፣ ከሥር ቆፍሮ እንደገና መሥራት ግን ብዙ እጥፍ ነው። ያኔ የዘለልነውን እዳ ነው እስከ ዛሬ የምንከፍለው።

ከዛ በ2018 በወጣ ሕግ የአካባቢዎቹ ድርሻ በጠቅላላ ወደ 13.5 ከፍ አለ፣ በ2022 ደሞ በየዓመቱ እየጨመረ 20 እንዲደርስ ተወሰነ። ሠላሳው ግን አልተመለሰም።

ኮስተር_በል
ይቅርታና ባልቲሞር ለብቻዋ ከሁሉም ካውንቲ በላይ ምትወስደው በምን ሂሳብ ነው? እኛ ነን ታክስ ምንከፍለው እነሱ ናቸው ሚበሉት፣ ፖለቲካ ነው በቃ

የመንገድ_ሰው
ኮስተር አትቸኩል። ባልቲሞር ውስጥ ስቴቱ መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። እናንተ ጋ ጆርጂያ አቬኑ ላይ በረዶ ሚጠርገው፣ መብራት ሚተክለው፣ አስፋልት ሚያለብሰው ስቴት ነው፣ ካውንቲው አምስት ሳንቲም አያወጣበትም። ባልቲሞር ግን ቁጥር ያለውን መንገድ ባብዛኛው ራሷ ነው ምትይዘው፣ ኢንተርስቴት 83 እንኳን ከተማዋ ውስጥ ሲገባ የከተማዋ ራስ ምታት ነው። ድርሻዋ የተለቀው ሥራው ስለተሰጣት ነው። በዛ ላይ 30 በነበረበት ዘመን ከምታገኘው ጋር ስታስተያየው እሷም ተጎድታለች።

ጋሽ_ቢጫታክሲ
ልጆቼ እኔ ዲሲ ታክሲ ስጀምር በፈረንጅ 1992 ነበር። የዛን ዓመት ሜሪላንድ የጋዝ ታክሱን 23 ሳንቲም ተኩል አደረገችው፣ ከዛ እስከ 2013 ድረስ ንክች አላደረጉትም። ሃያ አንድ ዓመት! የፌዴራሉማ 18.4 ሳንቲም ከ1993 ጀምሮ ዛሬም እዛው ነው። በዛ መሃል አስፋልቱ፣ ብረቱ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ስንት እጥፍ ሆነ። መኪናውም ጋዝ መጠጣት ተወ፣ እኔ ያኔ ስነዳው የነበረው ቼቪ አንድ ጋሎን ጠጥቶ አሥራ አራት ማይል ይሄድልኝና ተመስገን እል ነበር፣ ዛሬ ልጄ በሃይብሪድ ሃምሳ ትሄዳለች። ቋቱ ቢጎድል ምን ይገርማል።

የመንገድ_ሰው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ ነው ያስቀመጡት። በ2013 ነው ከዋጋ ንረት ጋር እንዲጨምር ያረጉት፣ በ2023 47 ሳንቲም ደረሰ፣ ከዛ በትንሹ ወረደ። እንደዛም ሆኖ በ2023 ታኅሣሥ የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በስድስት ዓመት 3.3 ቢሊዮን ዶላር እቆርጣለሁ ብሎ ሁሉንም አስደነገጠ፣ በወሩ ገቨርነር ዌስ ሙር 150 ሚሊዮን ጨመረበትና ለጊዜው ተነፈስን።

ፅጌ_ራይድ
ታዲያ ያንን ጉድጓድ በኛ ነው የሞሉትኮ! ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ በየኡበሩና በየሊፍቱ ትሪፕ 75 ሳንቲም ለስቴት፣ ኤሌክትሪክ መኪና ለገዛ በዓመት 125 ዶላር፣ ፕለጊን ሃይብሪድ 100። 75ቱን ተሳፋሪው ነው ሚከፍለው ይላሉ፣ እውነት ነው ተሳፋሪው ነው፣ ግን ዋጋው ሲጨምርበት ከየት ነው ሚቀንሰው? ከቲፕ! ንገሩኝ እስቲ ከቲፕ ካልሆነ ከየት ነው። ደሞ ኤሌክትሪክ ግዙ ግዙ ያሉን ራሳቸው ናቸው

ባለካምሪ
ፅጌ እህቴ ልክ ነሽ። እሺ የመንገድ_ሰው፣ ካውንቲው ብር ካጠረው ለምን ራሱ የጋዝ ታክስ አይጥልም?

የመንገድ_ሰው
አይችልማ! ካውንቲ ሜሪላንድ ውስጥ የጋዝ ታክስ መጣል አይችልም። ያለው የንብረት ታክስና የኢንካም ታክስ ነው፣ ሞንትጎመሪ ከገቢህ ላይ 3.2 ፐርሰንት ይወስዳል። ስለዚህ አናፖሊስ ሲቆርጥ መንገዱ ከትምህርት ቤት፣ ከፖሊስ፣ ከእሳት አደጋ ጋር አንድ ገበታ ላይ ቁጭ ብሎ ይሻማል። ትምህርት ቤትና ጉድጓድ ተወዳድረው ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃለህ፣ እኔም ወላጅ ነኝ እኔም ለትምህርት ቤቱ ነው ድምፄን ምሰጠው።

የኮሎምቢያ_ፓይክ_ልጅ
እኛ ቨርጂኒያ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ስሙኝ። በ1932 የበርድ ሕግ የሚባል ወጣና ስቴቱ የካውንቲዎቹን መንገድ ጠቅልሎ ወሰደ፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነበርና ገበሬው የንብረት ታክስ መክፈል አቅቶት ነው። አልሰጥም ካሉት ውስጥ ዛሬ ድረስ የዘለቁት ሁለት ካውንቲ ናቸው፣ አርሊንግተንና ሄንራይኮ። ስለዚህ ፌርፋክስ ውስጥ፣ ስካይላይን በሉት አናንዴል በሉት፣ የቤትህ ደጃፍ ያለችው የሠፈር መንገድ ሳትቀር የስቴት ናት። የመንገዱ ስም የተጻፈበት ምሰሶ ላይ አንዳንዴ ትንሽ ነጭ ቁጥር ታያለህ፣ ከ600 በላይ ከሆነ ስቴቱ የያዘው የካውንቲ መንገድ ነው። ካውንቲው ጋ ሄደህ ብትጮህ ራሱ ከኋላህ ተሰልፎ ስቴቱን ይለምናል። አርሊንግተን ስትሻገር ግን ስቴቱ ብሩን ይሰጠዋል መንገዱን ራሱ ይሠራል። አሌክሳንድሪያም ራሷን የቻለች ከተማ ስለሆነች በመንገድ መስመር ርዝመት ተሰፍሮ በየሦስት ወሩ ይላክላታል። በረዶ የጣለ ቀን ልዩነቱን ታያላችሁ፣ እኔ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ እየነዳሁ ከአርሊንግተን ፌርፋክስ ስገባ ካውንቲው የት ጋ እንደሚያልቅ ታፔላ ሳላይ ከጎማዬ ድምፅ ነው ማቀው።

ሌላ ደሞ፣ በ2013 ለሰሜን ቨርጂኒያ ለብቻ ታክስ ተጣለ፣ እሱ ብር ሪችመንድ፣ የስቴቱ ዋና ከተማ፣ አይቀርም። 70 ፐርሰንቱ ለክልሉ ትላልቅ ፕሮጀክት፣ 30ው ደሞ ቀጥታ ለ4ቱ ካውንቲና ለ5ቱ ከተማ፣ ከየት ተሰበሰበ በሚለው ልክ። ይሄ ነው ደስ የሚለኝ፣ ማን ከፈለ ማን ወሰደ በግልጽ ይታያል።

ኮስተር_በል
ዲሲስ?

የኮሎምቢያ_ፓይክ_ልጅ
ዲሲ ስቴትም ከተማም ካውንቲም ራሷ ናት፣ ከማን ጋር ትካፈል ሃሃሃ። ሦስቱ አንድ ላይ ብር ሚያዋጡት ለሜትሮው ባቡር ነው። በ2018 ተስማምተው በዓመት ቨርጂኒያ 154 ሚሊዮን፣ ሜሪላንድ 167፣ ዲሲ 178.5 ለማዋጣት። እቁብ በሉት፣ እጣው ግን ሁሌ ለሜትሮ ነው ሚወጣው።

ሚኒሶታ_ብርድ
ከሴንት ፖል ነኝ፣ እናንተ ጉድጓድ አላያችሁም ብዬ ልጀምር። ቀልዱን ትቼ፣ እኛ ጋ ክፍፍሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው የተጻፈው። በ1956 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶበት የገባ ነው፣ ከጋዝ ታክስና ከሬጅስትሬሽን የሚሰበሰበው 5 ፐርሰንቱ ተለይቶ ይቀመጥና ከቀሪው 62 ለስቴት፣ 29 ለካውንቲ፣ 9 ለከተማ። ገቨርነር መጣ ሄደ ባጀት ጎደለ ሞላ፣ ማንም ተነስቶ 0.4 አይልህም። እንከን የለውም ማለት አይደለም፣ ዘጠኙ የሚደርሰው ሕዝቧ ከ5000 በላይ ለሆነ ከተማ ብቻ ነው፣ ግማሹ በሕዝብ ብዛት ግማሹ መንገዱ በሚያስፈልገው ወጪ ይሰላል፣ እሱም ከከተማው መንገድ 20 ፐርሰንት የማይበልጠው ላይ ነው ሚውለው። ከ5000 በታች የሆነችው ከተማ ለረጅም ጊዜ በር ላይ ቆማ ነበር። አሁን ከ100 ዶላር በላይ ዕቃ ቤታችሁ እንዲመጣ ስታዙ 50 ሳንቲም ሚቆርጡት ነገር ከ2024 ጀምሮ አለ፣ ከዛ ላይ ለትናንሾቹም ይደርሳቸዋል። ሚስቴ ከ100 በታች እየከፋፈለች ነው ምታዘው 😂

ዳላስ_ሙቀት
ቴክሳስ መጥታችሁ እዩ! የጋዝ ታክሳችን ከ1991 ጀምሮ 20 ሳንቲም ነው፣ ከዛ ላይ አንድ አራተኛው ለትምህርት ቤት ነው ሚሄደው። ለካውንቲዎች ከጋዝ ታክሱ ሚሰጠው ስንት መሰላችሁ፣ በዓመት 7.3 ሚሊዮን። ካውንቲው 254 ነው። አካፍሉት እስቲ፣ በአማካይ ለአንዱ 29 ሺ ዶላር አይሞላም፣ አንድ ፒክአፕ እንኳን አይገዛም። ካውንቲዎቹ ከሬጅስትሬሽን ላይ ሚያስቀሩት ባይኖር ጉድ ነበር። እኛ ጋ ቶል (እየከፈሉ የሚነዱበት መንገድ) ነው መልሱ፣ ሁሉ ነገር ቶል።

ዝምተኛዋ
አገር ቤትስ የመንገድ ፈንድ የሚባል አይደል እንዴ፣ ከነዳጅ ላይ ሚቆረጠው? አባቴ ስለሱ ሲያወራ ትዝ ይለኛል

የመንገድ_ሰው
አዎ በ1989 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፣ ሐሳቡም አንድ ነው፣ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው ለጥገና ተብሎ ለፌዴራሉ፣ ለክልሎችና ለከተሞች ይከፋፈላል። የትም ሂዱ ጭቅጭቁ መቶውን ማን ይቁረሰው ነው።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ፣ እሱን ልንገራችሁና ልተኛ። ሜሪላንድ ውስጥ የካውንቲዎቹ ድርሻ በመሃላቸው ሲከፋፈል በሁለት ነገር ነው ሚሰላው፣ ግማሹ በመንገድ ማይል፣ ግማሹ እዛ ካውንቲ በተመዘገበ መኪና ብዛት። በነዋሪ አይደለም፣ በተመዘገበ መኪና። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ፓርኪንግ እሁድ ከሰዓት ገብታችሁ ታርጋ ቁጠሩ። ግማሹ ቨርጂኒያ ነው። ግማሹ እንግዳ ነው እንበል፣ ሌላው ግን እዚሁ ተኝቶ ሚነሳ ሰው ነው፣ ኢንሹራንስ ይቀንሳል ብሎ በዘመድ አድራሻ ያወጣው። ያ መኪና መንገዳችንን እየረገጠ ስሌታችን ውስጥ የለም።

ፅጌ_ራይድ
ኧረ በስመአብ 🙈

ጋሽ_ቢጫታክሲ
ባለካምሪ፣ ልጄ፣ ታርጋህ የየት ነው?

ባለካምሪ
...

ባለካምሪ
እሺ ጋሼ ለርስዎ አልዋሽም። የቨርጂኒያ ነው። አጎቴ አሌክሳንድሪያ ስለሚኖር በሱ አድራሻ ነው ያወጣሁት፣ ኢንሹራንሱ በወር 70 ዶላር ይቀንስልኝ ነበር

ኮስተር_በል
ጋዝስ የት ነው ምትቀዳው 😂😂

ባለካምሪ
ከኤርፖርት ስመለስ እዛው ቨርጂኒያ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። በቃ ስቀሉኝ

የኮሎምቢያ_ፓይክ_ልጅ
ወንድሜ የሪችመንድ መንግሥት ምስጋናውን ያቀርብልሃል። አርሊንግተን ላይ የተደፈነችው አስፋልት ላይ ስምህ አለበት

ሻይ_በጦስኝ
ሰዉን ጠይቆ ራሱ ተያዘ ሃሃሃሃ፣ ግን አትሳቁበት እዚህ ያለው ሰው ግማሹ እንደሱ ነው። እኔን አትጠይቁኝ

የመንገድ_ሰው
ሳቁ ሳቁ፣ ግን ደሞ ልጁ ላይ ብቻ አንዝመት፣ የአንድ ካምሪ ሬጅስትሬሽን ከ30 ወደ 9.6 የወረደውን አይሞላውም። ባለካምሪ፣ ታርጋህን አስተካክል፣ ከዛ ደሞ ብርህን ጠይቅ። ካሣ መጠየቂያው ጊዜ ካውንቲም ቢሆን ስቴትም ቢሆን አንድ ዓመት ነው፣ ግን ለስህተተኛው መንግሥት ከላክኸው ዓመቱ እየቆጠረ ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱን በጽሑፍ እንዲነግሩህ አርግ፣ በስልክ ያሉህን አትመን። ፎቶ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደረሰኝ። ጉድጓዱ ቀደም ብሎ ሪፖርት ተደርጎ ከነበረ ደሞ በጣም ይጠቅምሃል፣ አላወቅንም ማለት አይችሉማ።

ክፍፍሉ ራሱ ሚያናድዳችሁ ካላችሁ ደሞ ምክር ቤቱ አናፖሊስ ሚሰበሰበው ከጥር ጀምሮ 90 ቀን ብቻ ነው፣ ፎርሙላው እዛ ነው ሚሠራው። በየመኸሩ ደሞ የስቴቱ ትራንስፖርት ሰዎች 23ቱንም ካውንቲና ባልቲሞርን እየዞሩ የስድስት ዓመት እቅዳቸውን ያቀርባሉ። እኔ ለሥራ ስንቴ ገብቼ አውቃለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ የማየው የካውንቲ ሰውና ሁለት ሦስት ጡረተኛ ነው። የዚህ ሁሉ ሹፌር አገር ሆኖ አንድ ሹፌር አይቼ አላውቅም።

ፅጌ_ራይድ
ስንት ሰዓት ላይ ነው ሚያረጉት? ቀን ከሆነ እኔ ሥራ ላይ ነኝ

የመንገድ_ሰው
እሱ ነው ችግሩ፣ ባብዛኛው ቀን ነው

ጋሽ_ቢጫታክሲ
እኔ ጡረተኛ ነኝ። ቀኑን ጻፍልኝና ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳሁበትን መንገድ እነሱ ከሚነግሩኝ እኔ ልንገራቸው።

ባለካምሪ
ቤተሰብ አፕዴት ይዤ መጥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላነሳ ተመልሼ ሄድኩ፣ ጉድጓዱ የለም! ተደፍኗል፣ አስፋልቱ ገና ጥቁር ነው ይሸታል። ለሁለቱም ቢሮ ደውዬ ማን ነው የደፈነው ብዬ ጠየቅኩ።

ሁለቱም "እኛ ነን" አሉኝ።